ጉሮሮ ሲታመም ወዴት ይኬዳል? ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይስ ስፔሻሊስት

በመሃል አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ጉሮሮውን ሲያመው የሚቸገረው መታከሚያ አጥቶ ሳይሆን በዝቶበት ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ከቸርችል ጎዳና እስከ ስታዲየም በእግሩ የተጓዘ ሰው ብዙ መድኃኒት ቤቶችን አልፎ ይሄዳል፤ ጤና ጣቢያውም ሩቅ አይደለም፤ የግል ክሊኒኮች በየፎቁ ላይ ታፔላቸውን ሰቅለዋል። በዚህ ላይ የጎረቤት ምክር ይጨመራል። አንዷ ዳማከሴ ጨምቀሽ ጠጪ ትላለች፣ የሥራ ባልደረባ ሦስት ፍሬዋን ኪኒን ግዛና ተገላገል ይላል፣ አያት ደግሞ የልጁ እንጥል ወርዶ እንደሆነ አሳዩት ይላሉ። ይህ ጽሑፍ እነዚህን አማራጮች በተመሳሳይ መመዘኛ ያወዳድራል። ዋጋን በብር አልጻፍኩም፤ ከወር ወር ይለዋወጣልና። የቱ ከየቱ እንደሚረክስ ግን ቅደም ተከተሉ ብዙም አይለወጥም።

ከምርጫው በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ታማሚው ምራቁን መዋጥና እንደልቡ መተንፈስ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ምራቁን መዋጥ አቅቶት ለሀጩ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው ተቆልፎ አፉን መክፈት የተሳነው፣ ድምፁ ጉርሻ አፉ ውስጥ እንዳለ ሰው የታፈነ ወይም ሲተነፍስ ጉሮሮው የሚጮህበት ሰው ማወዳደር አያስፈልገውም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። መኪና ካልተገኘ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ታማሚው ሕፃን ከሆነ ጉሮሮውን ለማየት በማንኪያ መታገል የጠበበውን የአየር መተላለፊያ ጨርሶ ሊዘጋው ስለሚችል፣ ልጁን እንደተመቸው አስቀምጦ መውሰድ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሳልና ንፍጥ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው፤ ብዙው ውሳኔ የሚንጠለጠለውም በዚህ ላይ ነው። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከጉንፋን ቫይረሶች የሚመጣ ሲሆን በሳምንት ገደማ ራሱ ይለቃል፤ አንቲባዮቲክም አንድ ቀን እንኳ አያሳጥረውም። በሌላ ወገን ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው የቶንሲል ሕመም በድንገት ይነሳል፣ ትኩሳቱ ከፍ ይላል፣ ቶንሲሉ ያብጣል ወይም ነጭ መግል ይይዛል፣ ከመንጋጋ ሥር በፊት በኩል ሲነካ የሚያም ንፍፊት ይወጣል፣ ሳል ግን አይኖርም። ሐኪሞች ትኩሳትን፣ የቶንሲል መግልን ወይም እብጠትን፣ የሚያም ንፍፊትንና የሳል አለመኖርን ለእያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ እየሰጡ የሚቆጥሩበት ዘዴ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። አንድ ነጥብ ብቻ ያለው ሰው ጉዳዩ የባክቴሪያ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ሦስትና አራት ያለው ግን መመርመር አለበት። መግል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አንዳንድ ቫይረሶችም ቶንሲልን ነጭ ያለብሱታል።

ሦስተኛው ስንት ቀን ሆነው የሚለው ነው። ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ያለፈ፣ ሕመሙ በሳምንት ያልቀነሰ፣ ወይም የድምፅ መጎርነኑ ሦስት ሳምንት የሞላው ሰው የሚሄድበት ቦታ ይለያያል።

አራተኛው ታማሚው ማን ነው የሚለው ነው። የባክቴሪያው ቶንሲል በብዛት የሚታየው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ነው፤ ሦስት ዓመት ባልሞላቸው ላይ ብርቅ ሲሆን አዋቂዎችንም የሚይዘው ከልጆቹ ባነሰ መጠን ነው። ስኳር ወይም ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ቤት ቆይቶ የሚጠብቅበት ጊዜ ማጠር አለበት። አንድ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሰው አለ፤ ለእንቅርት ፕሮፒልታዮዩራሲል የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም ቢይዘው መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሎቹን አመናምኖበት ሊሆን ስለሚችል፣ ዕለቱን የደም ምርመራ ማድረግ አለበት።

አምስተኛው ስለ ቦታው ነው። እዚያ ጉሮሮን በብርሃን አይቶ፣ አንገትን ዳስሶ፣ መርምሮ የሚያዝና ከአቅሙ በላይ ሲሆን የሚልክ ባለሙያ አለ ወይ? የገንዘብና የጊዜ ወጪው መመዘን ያለበት ከዚህ በኋላ ነው።

ቤት መቆየት

ሳልና ንፍጥ ላለው፣ ትኩሳቱ ላልበረታበት አዋቂ ይህ ከሁሉም የተሻለ ምርጫ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሌላው አማራጭ የሚጨምርለት ነገር ስለሌለ ነው። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ ማለፍ ጉበትን ይጎዳል። ለልጆች መጠኑ የሚለካው በክብደት ሲሆን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ደህና አድርገው ያስታግሳሉ፤ ነገር ግን ጨጓራውን ለሚያመው፣ ኩላሊቱ ለደከመና ለነፍሰ ጡር አይሆኑም።

ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ መጉመጥመጥ እብጠቱን ባያድንም ሕመሙን ያቀልላል። ዝንጅብል ወይም ጦስኝ የተፈላበት ሻይ ከማር ጋር ጉሮሮን ያረጥባል፤ ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ስለሚችል ጨርሶ አይሰጥም። ዳማከሴ ለምች ስንጠቀምበት የኖርን ቅጠል ነው፤ ለአዋቂ ከፓራሲታሞሉ ጎን ቢጠጣ አልከራከርም፣ በልጅ ላይ የሐኪም ቀጠሮን እንዲተካ ግን አልመክርም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠን ሲባል ደግሞ የፈላው ድስት ልጅ ላይ ተደፍቶ የሚያደርሰው ቃጠሎ ከጉንፋኑ እንደሚብስ መታሰብ አለበት።

ጭስና አቧራ ብቻቸውን ጉሮሮን እንደሚያቆስሉም መርሳት አይገባም። በ1911 ዓ.ም. ከተማውን ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» በማግሥቱ ስንቱን ጉሮሮውን እንደሚያስይዘው የከተማው ሰው ያውቀዋል። በፈረሱና በሚገነቡ ሰፈሮች አጠገብ የሚውል ሰውም እንዲሁ ነው። ትኩሳት የሌለው፣ ከቁፋሮው ሲርቅ የሚሻለው ሕመም የሚፈልገው የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ እንጂ ኪኒን አይደለም።

መድኃኒት ቤት

ጥሩ ፋርማሲስት የሚናቅ አማካሪ አይደለም፤ የማስታገሻውን መጠን ያስተካክላል፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር መጋጨቱን ይነግራል፣ የሚመጠጥ የጉሮሮ ከረሜላ ይሰጣል፣ ሂድና ታይ ይላል። ዋጋን ለሚያስብ ሰው የከተማው ከነማ መድኃኒት ቤቶችና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች ቀድመው ሊጠየቁ ይገባል።

ችግሩ የሚጀምረው ከመስኮቱ ውጭ ቆሞ «ለቶንሲል የሚሆን ስጡኝ» ሲባል ነው። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰው ጉሮሮውን አላየም፣ ንፍፊቱን አልዳሰሰም፣ የሚመዝነው ነገር የለውም። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ እንደሌለበት ቢታወቅም ሦስት ፍሬዋ አዚትሮማይሲን የከተማው የጋራ ምርጫ ሆናለች። ለባክቴሪያው ቶንሲል የመጀመሪያው መድኃኒት ግን ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ነው፤ አዚትሮማይሲን የሚታሰበው ለፔኒሲሊን አለርጂ ላለው ሰው ሲሆን አንዳንዱ የስትሬፕቶኮከስ ዝርያም ተላምዶታል። ፔኒሲሊንን የተላመደ የዚህ ባክቴሪያ ዝርያ በበሽተኛ ላይ እስካሁን አለመታወቁ የሚያስገርም ነው፤ አሮጌውና ርካሹ መድኃኒት ከአዲሱ የሚበልጥበት ጉዳይ ይህ ነው።

እኔም ከዓመታት በፊት ለተራ ጉንፋን አሞክሳሲሊን ገዝቼ፣ በሦስተኛው ቀን ሲሻለኝ የቀረውን መሳቢያ ውስጥ ጥዬዋለሁ። ያዳነኝ መድኃኒቱ መስሎኝ ለብዙ ሰው መክሬአለሁ፤ ጉንፋኑ በዚያ ቀን ገደማ ያለ እሱም ይለቀኝ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። እንዲህ ያለው የተሳሳተ ምስክርነት ይመስለኛል ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ መስኮቱን የሚያጨናንቀው።

ጤና ጣቢያ

ካርድ ማውጣቱና ወረፋው ያሰለቻል፤ ማለዳ ያልደረሰ ሰው ግማሽ ቀኑን ሊያጣ ይችላል። ቢሆንም ትኩሳት ላለበት፣ ሳል ለሌለው፣ ለትምህርት ለደረሰ ልጅ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ወደ ሆስፒታል የሚያሻግረው የሪፈር ወረቀትም የሚገኘው ከዚሁ ነው።

ለዚህ ልጅ ጉዳዩ ከጉሮሮው ያልፋል። በቂ ሕክምና ያላገኘ የስትሬፕቶኮከስ ቶንሲል በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ የሩማቲክ ትኩሳት ያስነሳል። ይህም መገጣጠሚያን እያፈራረቀ ያሳብጣል፣ ሲደጋገም የልብ ቫልቭን ያበላሻል። በአገራችን በወጣትነታቸው የልብ ቫልቭ ሕመም ይዟቸው ከሚታከሙት ብዙዎቹ መነሻቸው ይኸው ነው። ወላጅን ሊያረጋጋ የሚገባው ደግሞ ሕክምናው የጉሮሮ ሕመሙ ከጀመረ እስከ 9ኛው ቀን ድረስ ቢጀመር እንኳ የሩማቲክ ትኩሳትን መከላከሉ ነው። ስለዚህ ሌሊት ተነስቶ ያገኙትን ኪኒን ከማስዋጥ ይልቅ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በሥርዓት ማስመርመር ምንም አያጎድልም።

በጤና ጣቢያ የሚታዘዘው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለ10 ቀን የሚወሰድ አሞክሳሲሊን ነው፤ ልጁ በሦስተኛው ቀን መሮጥ ቢጀምርም አሥሩ ቀን መሙላት አለበት፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ደህና የሆነ ልጅን መድኃኒት የሚያስታውስ ቤት ጥቂት ነው። ሌላው አንድ ጊዜ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ ከ27 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ 600,000 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ይሰጣል። መርፌው ያማል፤ አልፎ አልፎም ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል ቀድሞ ስለ አለርጂ መጠየቅ፣ ከተወጉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው መቆየት ያስፈልጋል። መድኃኒቱን እንደሚዘነጋ ራሱን የሚያውቅ ቤተሰብ መርፌውን ቢመርጥ ትክክል ነው። በሁለቱም መንገድ ልጁ ሕክምና በጀመረ በ24 ሰዓት፣ ትኩሳቱ ከለቀቀው፣ ወደ ትምህርት ቤት ሊመለስ ይችላል።

ጤና ጣቢያው ክትባትም ያለበት ቦታ ነው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ክትባት ጉሮሮን በግራጫ ሽፋን የሚዘጋውን ዘጊ አናዳን ይከላከላል፤ ክትባቱን ያልጨረሰ ልጅ ጉሮሮው ላይ እንዲህ ያለ ሽፋን ቢታይ ነገሩ አስቸኳይ ነው።

የግል ክሊኒክ

እዚህ የሚገዛው በዋናነት ጊዜ ነው፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ መታየት፣ ላብራቶሪውን በዚያው ጨርሶ መውጣት ይቻላል። ክፍያው ከጤና ጣቢያው ብዙ ይበልጣል፤ ከሐኪሙ ክፍያ ይልቅ ሒሳቡን የሚያንረው ብዙውን ጊዜ የምርመራው ዝርዝር ነው። ለአንድ የጉሮሮ ሕመም የታይፎይድ ምርመራ ሲታዘዝ ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ኤ ኤስ ኦ የሚባለው የደም ምርመራም ቀደም ሲል ባክቴሪያው ይዞ እንደነበር የሚጠቁም እንጂ የዛሬው ሕመም ከእሱ መሆኑን የሚያረጋግጥ አይደለም፤ ለሩማቲክ ጥርጣሬ ይጠቅማል፣ ለዛሬ ቶንሲል አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከጉሮሮ በጥጥ ተወስዶ በደቂቃዎች ውጤት የሚሰጠው ፈጣን ምርመራ ወይም ባክቴሪያውን በላብራቶሪ አሳድጎ የሚለየው፣ አንድ ሁለት ቀን የሚወስደው ካልቸር ነው። ክሊኒኩን ቀድሞ በስልክ ይህ ምርመራ አላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ለመምረጥ ከማስታወቂያው ይበልጥ ይረዳል።

የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት

ለሦስት ቀን የቶንሲል ሕመም ስፔሻሊስት መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው። ስፔሻሊስቱ ያለው፣ ሌሎቹ የሌላቸው መሣሪያ ማንቁርትንና የድምፅ አውታሮችን የሚያሳየው ቀጭን ካሜራ ነው፤ ስለዚህ ካሜራው የሚያስፈልገውን ጉዳይ ለይቶ መሄድ ያዋጣል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን፣ በተለይም በሚያጨስ ሰው ላይ፣ እየባሰ የሚሄድ የመዋጥ ችግር፣ የማይጠፋ የአንገት እብጠትና ባንድ ወገን ብቻ የሚያድግ ቶንሲል ካንሰር አለመሆናቸው መረጋገጥ አለበት።

ጠዋት ጠዋት ጉሮሮን መጥረግ፣ የሆነ ነገር የተሰነቀረ መምሰል፣ ሲነሱ ድምፅ መጎርነን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጨጓራ የሚመለስ አሲድ ምልክት ነው፤ ቃር ሳይኖርም ይከሰታል። እንዲህ ያለው ሰው ቶንሲል ነው እየተባለ ዓመቱን ሙሉ አንቲባዮቲክ ሲውጥ ይታያል። ከመተኛት ሦስት ሰዓት በፊት እራት መጨረስ፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ፣ ቡናን፣ አልኮልንና ማታ ማታ ሚጥሚጣን መቀነስ ይቀድማሉ።

ቶንሲልን በቀዶ ጥገና ማውጣት የሚታሰበው ሕመሙ በአንድ ዓመት 7 ጊዜ፣ በሁለት ተከታታይ ዓመታት በየዓመቱ 5 ጊዜ ወይም በሦስት ዓመታት በየዓመቱ 3 ጊዜ ሲመላለስ፣ አለዚያም ቶንሲሉ ልጁን በእንቅልፍ ላይ እስከ ማፈን ሲደርስ ነው። በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ይህ የሕክምና ክፍል አለ፤ በመንግሥት በኩል ወጪው ይቀንሳል፣ ቀጠሮው ይረዝማል።

የበዓል ሰሞን የዶሮ አጥንት የተሰነቀረበት ሰው በእንጀራ ጉርሻ ሊገፋው ይሞክራል፤ ይህ አጥንቱን ይበልጥ ይሰካዋል። የምንጭ ውኃ ሲጠጣ ከርሞ ከገጠር የመጣና ደም የሚተፋ ሰውም ጉሮሮው ላይ አልቅት ተጣብቆ ሊገኝ ስለሚችል ወደዚሁ ስፔሻሊስት ነው የሚላከው።

እንጥል ቆራጭ

ይህ ከዝርዝሩ የገባው አሁንም ስለሚመረጥ ብቻ ነው። እንጥል ማስቆረጥም ሆነ ቶንሲል ማስቧጠጥ ከላይ ባሉት መመዘኛዎች በአንዱም አያልፍም፤ የሕመሙን ምክንያት አይነካም፣ የደም መፍሰስን፣ መንጋጋ ቆልፍንና በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ያመጣል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም የሕፃን እንጥል መቁረጥን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች መካከል ይጠቅሰዋል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ወጪ | ጊዜ | ጉሮሮን የሚያይ አለ? | የሚስማማው ለማን |
|---|---|---|---|---|
| ቤት | በጣም ዝቅተኛ | የለም | የለም | ሳልና ንፍጥ ላለው፣ ሳምንት ላልሞላው |
| መድኃኒት ቤት | ዝቅተኛ | ደቂቃዎች | የለም | ማስታገሻና ምክር ለሚፈልግ |
| ጤና ጣቢያ | ዝቅተኛ፣ በመድን ይሸፈናል | ግማሽ ቀን | አለ | ትኩሳት ላለው፣ ሳል ለሌለው ልጅ |
| የግል ክሊኒክ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | አጭር | አለ | ጊዜ ለሌለው፣ ፈጣን ምርመራ ካለ |
| ስፔሻሊስት | ከፍተኛ፣ በሪፈር ይቀንሳል | ቀጠሮ | አለ፣ በካሜራ | ለቆየ፣ ለሚመላለስ፣ ለተሰነቀረ |
| እንጥል ቆራጭ | በኋላ ውድ | ደቂቃዎች | ባለሙያ የለም | ለማንም አይስማማም |

ለየሰዉ

እጁ ላጠረ ቤተሰብ ያለኝ ምክር ለአዋቂው ቤት፣ ለልጁ ጤና ጣቢያ የሚል ነው፤ በመሃል ያለውን የመስኮት ግዢ መዝለል ብቻውን ገንዘብ ያድናል። ቢሮ የሚውልና ፈቃድ ማግኘት የሚቸገር ሰው ሦስት ወይም አራቱ ምልክቶች ካሉበት የግል ክሊኒክ ቢሄድ ያዋጣዋል፤ ከሁለት በታች ከሆኑ ግን የሚከፍለው እንደሚሻለው ለመስማት ብቻ ነው። ከዚህ ቀደም የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ ያለበት ቤት ምርጫ ውስጥ አይገባም፤ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ የሚወጋውን ፔኒሲሊን ሳያቋርጥ የሚከታተለው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል።

በድምፃቸው የሚያድሩ ሰዎች፣ መምህራን፣ ሰባክያን፣ የመርካቶ ሻጮችና ቀኑን ሙሉ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲሉ የሚውሉ የታክሲ ረዳቶች፣ ድምፃቸው ሲዘጋ አንቲባዮቲክ ሳይሆን ጥቂት ቀን ዝምታና ብዙ ውኃ ያስፈልጋቸዋል። በሹክሹክታ ማውራት ዕረፍት የሚመስላቸው አሉ፤ በግድ የሚወጣ ሹክሹክታ የድምፅ አውታሮቹን ሊያደክም ስለሚችል፣ መናገር ግድ ከሆነ ለስለስ ባለ በራስ ድምፅ በአጭሩ መናገር ይሻላል። ሦስተኛው ሳምንት ሲሞላ ካልተከፈተ ቀጠሮው ካሜራው ያለበት ቦታ ነው።